ታናሽ ወንድም ጠጥቶ ሲያዝ የእህት መኪና ለምን 30 ቀን ይታሰራል?

ከሎስ አንጀለስ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህን ይላል። «ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። ቅዳሜ ሌሊት የእኔን መኪና ይዞ ከሰርግ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው፤ በትንፋሹ የተለካው የአልኮል መጠን 0.15 ሆነ፤ ታሰረ። መኪናውንም ጎትተው ወሰዱት። ወንድሜ በማግስቱ ተፈታ፣ መኪናዬ ግን አልተፈታም። ልጁ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እንጂ የካሊፎርኒያ የለውም። ወደ ማቆያው ግቢ ስደውል ‹30 ቀን ሳይሞላው አይለቀቅም› አሉኝ። አንዱ ዘመድ ‹የወንድምሽ ክስ ሳያልቅ አትድከሚ› ይለኛል። ሌላው ‹መንጃ ፈቃድ ስለሌለው ብቻ መኪና መውሰድ ክልክል ነው፣ ክሰሻቸው› ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ‹ተሰርቄ ነው በያቸው፣ ወዲያው ይለቁልሻል› ብሎ መክሮኛል። የምተዳደረው በዚህ መኪና ተሳፋሪ እያመላለስኩ ነው። የልጄ መቀመጫና የሥራ ቦርሳዬም ውስጡ ቀርተዋል። ዛሬ ረቡዕ አራተኛ ቀኔ ነው። ምን ላድርግ?»

ሦስቱም ዘመዶችዎ ተሳስተዋል። የሦስተኛው ምክር ግን እርስዎንም ተከሳሽ ሊያደርግ የሚችል ነውና ከእርሱ ልጀምር። በካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ ለ30 ቀን የተያዘ መኪና ከጊዜው በፊት እንዲለቀቅ ከሚያስገድዱት ምክንያቶች አንዱ መኪናው የተሰረቀ መሆኑ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚፈተነውም በዚህ ነው። ነገር ግን መኪና ሳይሰረቅ ተሰረቀ ብሎ ለፖሊስ ማመልከት በዚያው ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ቁልፉን በእጅዎ የሰጡት ወንድም በሌላ በኩል በስርቆት ይጠየቃል። ልጁ አሁን ያለበት አንድ የሚያሳፍር ክስ ነው፤ የስርቆት ክስ ሲጨመርበት ግን የመኖሪያ ፈቃዱ ሳይቀር ሊነካ ይችላል። ይህን ምክር የሰጠዎትን ሰው ለጊዜው ስልኩን አያንሱለት።

የመጀመሪያው ዘመድ ያልገባው ክሱ የወንድምዎ፣ መኪናው የእርስዎ መሆኑን ነው። አሽከርካሪው ጥፋተኛ ተባለም ነጻ ወጣ፣ ፍርድ ቤት ሦስት ወር ቀጠረም ዓመት፣ መኪናው የዚያን ውጤት ሊጠብቅ አይገባም። ከዚህ የሚለየው መኪናው ራሱ ማስረጃ ሆኖ ሲያዝ ነው፤ ለምሳሌ ሰው ተገጭቶ ከሆነ ወይም ገጭቶ የማምለጥ ጥርጣሬ ካለ። ከጻፉልኝ እንደምረዳው በዚያ ሌሊት ግጭት አልነበረም።

ሁለተኛው ዘመድ ግማሽ እውነት ሰምቷል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ስካር በሚመረምርበት ኬላ ላይ የአሽከርካሪው ጥፋት መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው መንዳት ብቻ ከሆነ መኪናውን መያዝ አይፈቀድም፤ ባለቤቱን ወይም ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ፈልጎ ለማስረከብ መሞከር ይገባል። ሕጉ የሚለው ግን «ብቻ» ነው። ወንድምዎ ሰክሮ ታስሯል። አሽከርካሪው ወደ ጣቢያ ሲወሰድ መኪናውን መንገድ ዳር ትቶ መሄድ ፖሊስ አይገደድም፤ እንዲጎተት ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ «ለምን ጎትታችሁ ወሰዳችሁ?» ብለው ቢከራከሩ ይሸነፋሉ፤ ጊዜዎንም ያባክናሉ። እርስዎ ሊያሸንፉበት የሚችሉት ክርክር ሌላ ነው፤ «ባለቤቷ ፈቃዴን ይዤ ከመጣሁ በኋላ ለምን ታቆዩብኛላችሁ?» የሚለው።

እዚህ ላይ አንድ ወረቀት ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ ፖሊስ መኪና ሲያስጎትት «ሲኤችፒ 180» የሚባል ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ መኪናው በየትኛው አንቀጽ እንደተያዘ በቁጥር ይጻፋል። ግቢው በር ላይ ያለው ሠራተኛ በቃል ከሚነግርዎት ይልቅ ያቺ ቁጥር ትበልጣለች። 22651 ሆኖ አጠገቡ «ኤች» የሚል ፊደል ካለ፣ መኪናው የተወሰደው አሽከርካሪው ስለታሰረ ብቻ ነው፤ ምዝገባው ያልተቃጠለ ባለቤት ፈቃድ ያለው ሰው ይዞ ሲቀርብ፣ ክፍያውን ፈጽሞ በዚያው ቀን መውሰድ ይችላል። 14602.8 ከሆነ አሽከርካሪው ባለፉት አስር ዓመታት በስካር የተፈረደበትና አሁንም 0.10 ወይም ከዚያ በላይ የተለካ ወይም ምርመራ እምቢ ያለ ነው ማለት ነው፤ የፊተኛው ፍርድ አንድ ከሆነ አምስት ቀን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ 15 ቀን ይያዛል። አገሩን ከረገጠ ስምንት ወሩ ለሆነ ልጅ ይህ አይመለከተውም። 30 ቀን የሚባለው ነገር የሚመጣው ከ14602.6 ነው፤ እርስዎን የነገሩዎትም ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ቅጹን ሳላይ አልፈርድም፣ እርስዎም አይፍረዱ። ስልክ ያነሳ ሰው በልማድ «30 ቀን» ብሎ፣ ቅጹ ሲታይ ተራው 22651 ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አጋጥሞኛል።

ቁጥሩ 14602.6 ቢሆንስ? ይህ አንቀጽ በዋናነት የሚመለከተው ሁለት ዓይነት አሽከርካሪ ነው፤ ፈቃዱ የታገደ ወይም የተሰረዘ፣ አለዚያም «መንጃ ፈቃድ ፈጽሞ ተሰጥቶት የማያውቅ»። የወንድምዎ የኢትዮጵያ ፈቃድ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ያው ሕግ በትርጓሜ ክፍሉ፣ በአንቀጽ 310፣ መንጃ ፈቃድን ሲተረጉም በካሊፎርኒያ ሕግ ወይም በሌላ አገር የተሰጠና የጸና ፈቃድ ይላል። ስለዚህ ጊዜው ያላለፈበት የአዲስ አበባ ፈቃድ ያለው ሰው «ፈጽሞ ተሰጥቶት የማያውቅ» አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። በዚህ ደስ ብሎዎት ግን ነገሩን አያምታቱት። ልጁ ነዋሪ ሆኖ ሳለ የካሊፎርኒያ ፈቃድ ሳያወጣ መንዳቱ አሁንም ጥፋት ነው፤ ሕጉ ለአዲስ ነዋሪ የሚሰጠው አስር ቀን ብቻ ነው፤ እርሱም በዚህ ይቀጣል። ክርክሩ ስለ 30 ቀኑ ብቻ ነው። ክርክሩን የሚሰማው ሹምም ላይቀበለው ይችላል። ቢሆንም ዋናውን ፈቃድና የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ይዘው ይቅረቡ፤ የወንድሜ ፈቃድ ቤት ቀርቷል ማለት የለም ከማለት አይለይም።

ሁለተኛውና የበለጠ የሚያስተማምነው መሠረት የፌዴራል ፍርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ካሊፎርኒያን የሚያጠቃልለው ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ብሩስተር በተባለች ሴት ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ከእርስዎ ታሪክ ጋር ወንድማማች ነው። ሴትዮዋ መኪናዋን ለአማቿ አዋሰች፤ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አስቆመው፤ ፈቃዱ የታገደ ሆኖ ተገኘ፤ መኪናው በዚያው በ14602.6 ለ30 ቀን ተያዘ። ከሦስት ቀን በኋላ የባለቤትነት ማስረጃዋንና የጸና መንጃ ፈቃዷን ይዛ ቀረበች፤ አሁንም አይለቀቅም ተባለች። ፍርድ ቤቱ መኪና ጎትቶ መውሰድ አንድ ነገር፣ ይዞ ማቆየት ሌላ ነገር መሆኑን አስረዳ። በሌሊት ሊነዳው የሚችል ሰው ባለመኖሩ መወሰዱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቷ ፈቃዷን ይዛ ስትመጣ ግን ያ ምክንያት አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ማቆየት፣ ንብረትን ያለ በቂ ምክንያት መያዝን በሚከለክለው በሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ ፊት አዲስ ምክንያት ይፈልጋል አለ። በ2018 ደግሞ በሶኖማ ካውንቲ ላይ በቀረበ ሌላ ክስ ይህንኑ አስተሳሰብ አጸና። ከእርስዎ ጉዳይ የሚለየው ስካር መጨመሩ ነው። እኔ እንደማየው ይህ ልዩነት መኪናው በሌሊት ለምን እንደተወሰደ ያጠናክራል እንጂ፣ ዛሬ ረቡዕ በደህና አእምሮ ለቆመች ባለቤት ለምን እንደሚከለከል አያስረዳም።

ስለዚህ እስካሁን የሠሩት ትልቁ ስህተት ስልክ መደወልዎ ነው። ስልክ ማስረጃ አይሆንም። «ባለቤቷ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ፈቃዷን፣ ምዝገባዋንና ኢንሹራንሷን ይዛ መጣች፣ ተከለከለች» የሚለው ታሪክ የሚጀምረው በአካል ሲቀርቡ ነው። ዛሬውኑ መጀመሪያ ወደ ማቆያው ግቢ ሳይሆን መኪናውን ወዳስያዘው ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። ግቢው ከፖሊስ ጋር ውል ያለው የግል ድርጅት ነው፤ የመልቀቂያ ወረቀት ካላመጡለት ቢያለቅሱለትም አይሰጥዎትም፣ ሊሰጥዎትም አይችልም። ጣቢያው ላይ የሲኤችፒ 180 ቅጂ ይጠይቁ፤ ይለቀቅልኝ ይበሉ፤ እምቢ ካሉ የከለከለዎትን ሰው ስምና ሰዓቱን ጽፈው ይያዙ፣ በአንቀጽ 22852 መሠረት ጉዳዩ እንዲሰማልዎም በጽሑፍ ያመልክቱ። ይህን ለማመልከት ያለዎት ጊዜ ፖሊስ ስለ መኪናው መያዝ በሚልክልዎ ማስታወቂያ ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ አስር ቀን ነው። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ጣቢያው ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሰማዎት ይገባል፤ ዛሬ ካስገቡ እስከ ዓርብ ማለት ነው። ማስታወቂያው በፖስታ የሚላከው በምዝገባው ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ስንቀይር ለዲኤምቪ፣ ለተሽከርካሪና መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ማለት ነው፣ ማሳወቅ እንረሳለን፤ ደብዳቤው የቀድሞ ቤትዎ በር ላይ ተቀምጦ አስር ቀኑ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ አይጠብቁት።

የሚሰማዎት ዳኛ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የዚያው ጣቢያ ሌላ መኮንን ነው። ሕጉ የሚከለክለው ማስጎተቱን ያዘዘው ሰው ራሱ እንዳይሆን ብቻ ነው። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ? አይመስለኝም፤ ግን ያለው መንገድ ይህ ነው። ጥሩ ጎኑ፣ በ14602.6 ለተያዘ መኪና ሰሚው የማቆየቱን ሕጋዊነት ብቻ ሳይሆን የሚያቀሉ ሁኔታዎችንም እንዲያይ ሕጉ ይፈቅድለታል። እርስዎ መኪናው እንጀራዎ መሆኑን፣ ልጅ ማድረስ እንዳለብዎ፣ ወንድምዎ ዳግም እንደማይነዳው የሚናገሩት እዚህ ላይ ነው። የገቢ ማስረጃዎን አትመው ይያዙ። መኪናውን መያዝ ምክንያት አልነበረውም ተብሎ ከተወሰነ የመጎተቻውንና የማቆያውን ወጪ የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው።

በዚህ መድረክ አንድ ጥንቃቄ አለ። ወንድምዎን ይዘው አይግቡ። እርሱ የወንጀል ተከሳሽ ነው፤ እዚያ «ሁለት ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት» ቢል ያቺ ቃል ነገ በክሱ ልትመጣበት ትችላለች። እርስዎም ስለ መጠጡ ቢጠየቁ ስለ መኪናዎ ብቻ ይናገሩ። የእኛ ሰው ሹም ፊት ሲቆም ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት፣ ይቅርታም መለመን ይወዳል፤ እዚህ ያንሱት። «መንጃ ፈቃድ እንዳለው ጠይቀሽ ነበር?» ከተባሉ ግን በእውነት ይመልሱ፤ ባለቤት መኪና ከመስጠቱ በፊት ይህን ማጣራት ግዴታው ነው፤ የኢትዮጵያውን ፈቃድ አይተው ከነበረ ይህንኑ ይበሉ።

ገንዘቡ ሁለት ኪስ ውስጥ ይገባል። አንዱ ፖሊስ ለመልቀቂያው የሚያስከፍለው የአስተዳደር ክፍያ ነው፤ ሌላው ለግቢው የሚከፈለው የመጎተቻና የየቀኑ ማቆያ ነው። መጠኑ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ በዋጋው ላይ ግምት አልሰጥም፤ ስሌቱን ግን ያስቡት። ቀኑ 60 ዶላር ቢሆን 30 ቀን ብቻውን 1,800 ዶላር ነው፤ መጎተቻውና የፖሊሱ ገና አልተጨመሩም። በዚህ ላይ እርስዎ ያጡት የ30 ቀን ሥራ አለ። ስለዚህ ይለቀቅ ሲባል «ትክክል አይደለም፣ አልከፍልም» ብለው መኪናውን እዚያ ትተው አይከራከሩ። ከፍለው ያውጡ፣ ደረሰኙን ይያዙ፣ ከዚያ ይከራከሩ። ግቢው ጥሬ ገንዘብ ወይም የጸና የባንክ ክሬዲት ካርድ የመቀበል ግዴታ አለበት፤ ካርድ አንቀበልም ካሉ ሕግ እየጣሱ ነው። መኪናው ያረጀ ስለሆነ ትቼው ልሂድ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎም ይጠንቀቁ። ግቢው ዕዳውን ለማካካስ ይሸጠዋል፤ ሽያጩ ያልሸፈነው ቀሪ ደግሞ ከተመዘገበው ባለቤት ሊጠየቅ ይችላል። መኪናው ገና በባንክ ብድር ላይ ከሆነ አበዳሪውም ሊያወጣው መብት አለው፤ አውጥቶ ግን ለእርስዎ በቀጥታ አያስረክብም፤ የከፈለውን በዕዳዎ ላይ ይጨምራል።

የልጅዎ መቀመጫና ቦርሳዎ ይህን ሁሉ አይጠብቁም። በመኪና ውስጥ ያለ የግል ንብረት በመያዣነት አይያዝም። ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ሲጠይቅ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ያለ ምንም ክፍያ ይሰጣል። የበር ክፍያ ሊጠይቁ የሚችሉት ከዚህ ሰዓት ውጭ፣ በቅዳሜና እሑድ ወይም በበዓል ከሄዱ ነው። ከጣቢያው ሲወጡ በቀጥታ ይሂዱና ይውሰዱት። መኪናውንም ዙሪያውን ፎቶ ያንሱ፤ ሲጎተት የተጫረውን ዛሬ ካልቀረጹት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሌላው የማያቋርጥ ግራ መጋባት የሁለቱ አስር ቀኖች ነው። ከላይ የነገርኩዎት አስር ቀን የእርስዎ፣ የመኪናው ነው። ወንድምዎ ደግሞ ሲታሰር ከተሰጠው ወረቀት የሚጀምር የራሱ አስር ቀን አለው፤ በዚያ ውስጥ ዲኤምቪ የመንዳት መብቱን እንዳያግድ ጉዳዩ እንዲሰማለት መጠየቅ አለበት። የካሊፎርኒያ ፈቃድ ስለሌለው ይህ አይመለከተውም ብሎ የሚያስብ አለ፤ ተሳስቷል፤ የሚታገደው በግዛቱ ውስጥ የመንዳት መብቱ ነው፤ ወደፊት ፈቃድ ላውጣ ሲልም ይህ እግድ ይጠብቀዋል። አንዱን ማመልከት ሌላውን አያስቆጥርም።

ወንድምዎ የመኖሪያ ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመቀበሉ በፊት የስደተኞች ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክር። ጉዳት ያላደረሰ የመጀመሪያ ስካር ብቻውን ሰውን ከአገር የሚያስወጣ ወንጀል ሆኖ አይቆጠርም ቢባልም፣ ሁለት ፍርድ ከተደራረበ ግን መልካም ጠባይ የለውም የሚል ግምት ያስከትልበታል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ይሠራበታል። የወንጀል ጠበቃው ፍርዱ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የሚያስከትለውን ሊነግረው ግዴታ እንዳለበት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኗል፤ ስለዚህ ልጁ አፍሮ ዝም አይበል፣ ይጠይቅ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ከሆነ በወንጀል ችሎት አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ ዘመድ አያስተርጉምለት።

እርስዎ በሥራዎ ተሳፋሪ ስለሚጭኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ተሳፋሪ በክፍያ ጭኖ ለሚነዳ ሰው የተፈቀደው ወሰን እንደ ሌላው አሽከርካሪ 0.08 ሳይሆን 0.04 ነው። አልኮል ከደም የሚወጣው በሰዓት 0.015 ገደማ ነው፤ በ0.15 የተያዘ ሰው ሙሉ ለሙሉ ለመጥራት አስር ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ታስሮ ጧት ሁለት ሰዓት የተፈታ ሰው ገና 0.06 ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከእስር የወጣን ሰው በቀጥታ ወደ ማቆያ ግቢ ወስደው «ያንተ ጥፋት ነው፣ አንተ ንዳው» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ፤ ወንድምዎ ደግሞ የካሊፎርኒያ ፈቃድም የለውም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። መንጃ ፈቃድዎን፣ ያልተቃጠለ ምዝገባዎን፣ የባለቤትነት ወረቀቱን፣ ሊብሬ የምንለውን ማለቴ ነው፣ ኢንሹራንስዎንና የወንድምዎን የኢትዮጵያ ፈቃድ በአንድ ፖስታ ይዘው ዛሬ ከሰዓት ጣቢያ ይቅረቡ። ምዝገባው ጊዜው ካለፈበት መጀመሪያ በዲኤምቪ ድረ ገጽ ያድሱት፤ ካልታደሰ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ቅጹ 22651 የሚል ከሆነ ከፍለው በዚያው ቀን ይውሰዱ። 14602.6 ከሆነ የመሰማት ጥያቄውን አስገብተው የገባበትን ማኅተም ያስመቱ፤ ዓርብ ላይ እምቢ ከተባሉ በዚያው ዕለት ጠበቃ ይያዙ፤ የብሩስተርን ውሳኔ የሚጠቅስ አንድ ገጽ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ከክስ በፊት ሥራውን ይሠራል። መኪናው ሲለቀቅ ቁልፉን የሚቀበሉት እርስዎ ራስዎ ይሁኑ፤ ወንድምዎ አብሮዎት ቢመጣም በተሳፋሪ ወንበር ይቀመጥ።